የራዲዮ አምፑልና የጆሮ ፍርድ

(በራዲዮ ከተነገረው የታሪክ ንግግር የተወሰደ)

ዛሬ ልናገርበት ያሰብሁት ነገር ሲሰሙት ትንሽ የሚመስል ነው። ይኸውም በጆሮ ማዳመጫ ዘፈን ወይም ንግግር የሚሰሙ ሰዎች፣ ከድምፅ ማጉያው መኪና ላይ የብርጭቆ አምፑሉን ነቅለው በሌላ አምፑል እየተኩ የድምፁን ጣዕም የሚለውጡበት ልማድ ነው። ይህን የሚያደርጉ ሰዎች ዛሬ በብዙ አገር ይገኛሉ። አንደኛው አምፑል ድምፁን እንደ ማር ያለሰልሰዋል፤ ሁለተኛው ቃሉን አጥርቶ ያሰማል፤ ሦስተኛው ያደርቀዋል እያሉ ይከራከራሉ። ውሎውን በመሥሪያ ቤት ከመዝገብና ከባለ ጉዳይ ጋራ ሲደክም የዋለ ሰው ይህን ክርክር ቢሰማ፣ የሥራ ፈት ጨዋታ ነው ብሎ ሊያልፈው ይችላል።

ነገር ግን ይህች የብርጭቆ አምፑል በአገራችን ታሪክ ውስጥ ያላት ስፍራ የጨዋታ ስፍራ አይደለም። ከቡሬ ተነሥቶ በማንኩሳና በፍኖተ ሰላም በኩል ወደ ደምበጫና ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው መንገድ፣ ከሰማንያ ዓመት በፊት ስለ ነጻነት በተደረገው ተጋድሎ ውስጥ እርስዋም ድርሻ ነበራት። ስለዚህ በመጀመሪያ አምፑሊቱ ምን እንደ ሆነች፣ ቀጥሎም ስትለወጥ ድምፁ ስለ ምን እንደሚለወጥ፣ ከዚያም በምዕራብ ጎጃም የሠራችውን ሥራ፣ በመጨረሻም ለእኛ ለሰሚዎች የምትሰጠውን ትምህርት በአጭሩ አወሳለሁ።

የራዲዮ አምፑል የመብራት አምፑል ልጅ ናት። ቶማስ ኤዲሰን የተባለው አሜሪካዊ በኤውሮጳ አቈጣጠር በ1880ዎቹ ዓመታት መብራቱን ሲመረምር፣ አየሩ በወጣለት ብርጭቆ ውስጥ ከጋለው ሽቦ ተነሥቶ ወደ ሌላ ብረት፣ ሁለቱ ሳይነካኩ፣ የኤሌክትሪክ ኃይል እንደሚሻገር አየ። አየ እንጂ የነገሩን ጥቅም አልደረሰበትም። በ1904 ጆን አምብሮዝ ፍሌሚንግ የተባለ እንግሊዛዊ ሊቅ ይህንኑ ነገር ይዞ፣ በአየር የሚመጣውን የራዲዮ ሞገድ ለመቀበል የምታገለግል ባለ ሁለት ብረት አምፑል ሠራ። ኃይሉ በአንድ ወገን ብቻ የሚያልፍባት ስለ ሆነች እንግሊዞች ቫልቭ አሏት፤ ወደ አንድ ወገን ብቻ የምትከፈት በር እንደ ማለት ነው። በ1906 ደግሞ ሊ ደ ፎረስት የተባለ አሜሪካዊ በሁለቱ ብረቶች መካከል ሦስተኛ ነገር ጨመረ። ይህም እንደ ወንፊት ያለ ቀጭን ሽቦ ነው። ከዚህች ትንሽ ወንፊት የተነሣ የዓለም ንግግር ሁሉ መልኩን ለወጠ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የአሠራሩ ምስጢር ለጎጃም ገበሬ እንግዳ አይሆንበትም። መስኖ የሚያጠጣ ሰው በቦዩ አፍ ላይ ያለውን ጥርብ ጣውላ በጥቂቱ ከፍ ቢያደርግ ብዙ ውኃ ይለቀቃል፤ ዝቅ ቢያደርግ ይታገዳል። እጁ ያወጣው ጉልበት ትንሽ ነው፤ ከቦዩ የሚወርደው ውኃ ግን ብዙ ነው። የውኃው ኃይል ከወንዙ የመጣ ነው እንጂ ከሰውዬው ክንድ የወጣ አይደለም። በአምፑሊቱም ውስጥ እንዲሁ ነው። የጋለው ብረት ኤሌክትሮን የተባሉትን ጥቃቅን ነገሮች ያፈልቃል፤ እነርሱም ወደ ፊተኛው ብረት ይሮጣሉ። ከሩቅ የመጣው ደካማ ድምፅ በወንፊቱ ላይ ሲያርፍ ያን ሩጫ ያግደዋል፣ ይለቀዋል። እንዲህ ሆኖ ከባትሪው የሚመጣው ትልቅ ኃይል የትንሹን ድምፅ መልክ ይዞ ይወጣል። ድምፅ ጐላ የሚባለው ይህ ነው።

እንግዲህ አምፑሊቱ ስትለወጥ ድምፁ ስለ ምን ይለወጣል? ምክንያቱ ከሦስት ወገን ነው።

የመጀመሪያው የማጉላት ኃይላቸው አንድ አለመሆኑ ነው። በኤውሮጳ አጠራር ኢ.ሲ.ሲ. 81፣ ኢ.ሲ.ሲ. 82 እና ኢ.ሲ.ሲ. 83 የሚባሉት ሦስት አምፑሎች መጠናቸውም፣ ዘጠኝ የሆኑት እግሮቻቸውም አንድ ናቸው። በአንዱ ስፍራ ሌላው ሊሰካ ይችላል። ነገር ግን የማጉላታቸው ልክ ለኢ.ሲ.ሲ. 83 እስከ 100፣ ለኢ.ሲ.ሲ. 81 እስከ 60፣ ለኢ.ሲ.ሲ. 82 ግን ወደ 20 ብቻ ነው። ስለዚህ አንዱ በሌላው ሲተካ ድምፁ ይበረታል ወይም ይደክማል፤ የቀረውም መኪና አሠራር አብሮ ይናወጣል።

ሁለተኛው ምክንያት ማናቸይቱም አምፑል የተቀበለችውን ድምፅ ፍጹም ሳትነካው የማታሳልፍ መሆኑ ነው። ከራስዋ ጥቂት ትጨምርበታለች። ከምትጨምረው ውስጥ ዋነኛው ከመጀመሪያው ድምፅ እጥፍ ፈጥኖ የሚንቀጠቀጥ ድምፅ ነው። ይህም በዜማ ሊቃውንት ዘንድ ያው ድምፅ ከፍ ብሎ ሲደገም እንደ ማለት ስለ ሆነ፣ ጆሮ እንደ ስሕተት አይቈጥረውም፤ ይልቁንም ሙቀትና ውፍረት የተጨመረለት ይመስለዋል። ብዙዎች የአምፑል ድምፅ ይጣፍጣል የሚሉት ከዚህ የተነሣ ነው። በእውነቱ ግን ጣዕሙ ራሱ ጥቂት ጕድለት ነው።

ሦስተኛው የአሠራርና የዕድሜ ነገር ነው። ያረጀች አምፑል የማፍለቅ ኃይልዋ ይደክማል። በውስጥዋ ያሉት ብረቶች በሚገባ ያልተጣበቁ እንደ ሆነ ጣት ሲነካት እንደ ቃጭል ትጮኻለች፤ በጆሮ ማዳመጫ ለሚሰማ ሰው ይህ እጅግ ያስቸግራል። እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ መናገር ይገባኛል። በእግር ቍጥር መተካከል ብቻ አይበቃም። ኢ.ሲ.ሲ. 88 የምትባለው አምፑል እንደ ኢ.ሲ.ሲ. 83 ዘጠኝ እግር አላት፤ ነገር ግን የማሞቂያዋ ሽቦ አገጣጠም ሌላ ስለ ሆነ አንዲቱን በሌላይቱ ስፍራ መሰካት ዕቃውን ያበላሻል። ደግሞም በእነዚህ መኪናዎች ውስጥ ሰው የሚገድል ኃይል ስለሚገኝ፣ ኃይሉን ሳያጠፉና አምፑሊቱ ሳትቀዘቅዝ መንካት አይገባም።

አምፑል መለወጥ ለእኛ ሰዎች በሌላ መልክ የታወቀ ነገር ነው። የቤተ ክርስቲያናችን ዜማ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ በሚባሉ ሦስት ዓይነቶች የተከፈለ ነው፤ ዜማው ሲለወጥ በሰሚው ልብ የሚያድረው ስሜት ይለወጣል። መሲንቆ የሚመታ ሰው የፈረሱን ጭራ ሲለውጥ ወይም ዕጣን ሲቀባው የመሲንቆው ድምፅ ይለወጣል። ከበሮ የሚመታ ሰው ቆዳው እርጥበት ሲይዝበት ፀሐይ ላይ ወይም እሳት ዳር ያሞቀዋል። በዚህ ሁሉ የተለወጠው ድምፁን የሚያወጣው ዕቃ ነው እንጂ የሚባለው ቃል አይደለም። ይህን ልዩነት እንድትይዙልኝ እለምናችኋለሁ፤ በኋላ እመለስበታለሁና።

አሁን ወደ ታሪኩ እንምጣ። በኤውሮጳ አቈጣጠር በ1910 ናታንኤል ባልድዊን የተባለ አሜሪካዊ በዩታ ግዛት በገዛ ቤቱ ማድ ቤት የሠራውን የጆሮ ማዳመጫ ለአገሩ ባሕር ኃይል አቀረበ። ከእንግዲህ ወዲህ የጆሮ ማዳመጫና አምፑል አብረው ሄዱ። ነገር ግን የእነርሱ የመጀመሪያ ጌቶች ዘፈን የሚያጣጥሙ ሰዎች አልነበሩም፤ በመርከብና በጦር ሰፈር ተቀምጠው ከሩቅ የሚመጣውን ደካማ የቴሌግራፍ ድምፅ የሚለቅሙ የራዲዮ ሠራተኞች ነበሩ። እነርሱ የጣፈጠ ድምፅ አልፈለጉም። የፈለጉት ነጥቡ ከሰረዙ እንዲለይ ነበር። አንድ ፊደል ቢሳሳት አንድ ጦር በተሳሳተ መንገድ ሊሄድ ይችል ነበርና።

በአገራችን በ1927 ዓ.ም. በአቃቂ የራዲዮ ጣቢያ ተቋቁሞ፣ ጣልያን አገራችንን ሊወር በተነሣ ጊዜ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በዚሁ መሣሪያ የኢትዮጵያን አቤቱታ ለውጭው ዓለም አሰምተዋል። ድምፁ ባሕርና በረሃ ተሻግሮ ተሰማ። የመንግሥታት ማኅበር ግን ወረራውን ሊያቆመው አልቻለም። መሰማትና መደመጥ ሁለት ነገር መሆናቸው በዚያን ጊዜ ታየ።

ከአምስቱ የወረራ ዓመታት ፍጻሜ ላይ፣ በሰኔ ወር 1932 ዓ.ም. ጣልያን ለእንግሊዝ ጦርነት ባወጀ ጊዜ ንጉሠ ነገሥቱ ከእንግሊዝ አገር ተነሥተው ወደ ሱዳን መጡ። ከዚያም ነሐሴ 6 ቀን 1932 ዓ.ም. ኮሎኔል ዳንኤል ሳንድፎርድ የሚመሩት፣ ሚሲዮን 101 የተባለው አነስተኛ ጓድ ድንበር ተሻግሮ ወደ ጎጃም ገባ። ሳንድፎርድ ከጦርነቱ በፊት በኢትዮጵያ እርሻ አቋቁመው የኖሩ፣ የአገሩን ቋንቋና ጠባይ የሚያውቁ ሰው ነበሩ። የንጉሠ ነገሥቱ እንደራሴ ሆነው አዛዥ ከበደ ተሰማ አብረዋቸው ነበሩ። የጓዱ ዋና ሥራ አርበኞችን ማነጋገር፣ ያዩትንም በራዲዮ ወደ ካርቱም ማስታወቅ ነበር።

ክቡራን አድማጮች፤ ወሩ ነሐሴ መሆኑን አስቡ። የጎጃም ወንዞች ሞልተዋል፤ መንገዱ ጭቃ ነው፤ ሰማዩ አይገለጥም። በዚያን ዘመን ከብርጭቆ አምፑል በቀር ሌላ የራዲዮ ማጉያ አልነበረም። አምፑሊቱ ሽቦዋ እንዲግል ኃይል ትፈልጋለች፤ ስለዚህ ከራዲዮው ጋራ ከባድ ባትሪ ይጫናል። ባትሪው ሲደክም የሚሞላበት መሣሪያ ይፈለጋል። በቅሎ ብትደናቀፍ ብርጭቆው ይሰበራል፤ እርጥበት ቢገባ መስመሩ ይታወካል። አምፑል የሚለወጠው ድምፁ ይበልጥ ይጣፍጥ ዘንድ አይደለም፤ የሞተው ራዲዮ ይነሣ ዘንድ ነው። በጥጥ ተጠቅልላ በሣጥን የምትቀመጠው መለዋወጫ አምፑል ለአንድ ጓድ እንደ ጥይትና እንደ ስንቅ ነበረች።

በጎጃም የአርበኞች አለቆች መካከል መቃቃር ነበረ። ከሁሉ ይልቅ ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬና ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ አይስማሙም ነበር። በ1933 ዓ.ም. መጀመሪያ በንጉሠ ነገሥቱ ስምና በሚሲዮኑ አማላጅነት ሁለቱ ታርቀው በአንድነት ጠላትን ሊወጉ ተዋዋሉ። ይህ ዕርቅ በማጉያ የተደረገ አልነበረም፤ ሰው ለሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ አንዱ ሲናገር ሌላው አድምጦ የሆነ ነው። ኅዳር 11 ቀን 1933 ዓ.ም. ደግሞ ሜጀር ኦርድ ዊንጌት በጎጃም ደጋ ፋጉታ በሚባል ስፍራ በአውሮፕላን ወርዶ ከሳንድፎርድ ጋራ ተመካከረ። ጥር 12 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ በኦሜድላ የኢትዮጵያን መሬት ረገጡ። ከዚህም በኋላ በዊንጌት የሚመራው፣ ጌዴዎን የተባለው ጦር፣ የሱዳን ወታደሮችንና ሁለተኛውን የኢትዮጵያ ሻለቃ ይዞ፣ ጓዙን በግመል ጭኖ ወደ ቡሬ ገሠገሠ።

ቡሬን የያዘው የጣልያን ጦር በኮሎኔል ናታሌ የሚታዘዝ በብዙ ሺህ የሚቈጠር ሠራዊት ነበር። የጌዴዎን ጦር መደበኛ ወታደር ግን ከሁለት ሺህ የማይበልጥ ነበር። እንዲህ ያለው ጥቂት ጦር ብዙውን ማስለቀቅ የቻለው አርበኞች በዙሪያው ስለ ከበቡት፣ በሌሊትም እየደጋገመ ስላስደነገጠው፣ ደግሞም ቃል እንደ መሣሪያ ስለ ሠራ ነው።

የቃሉን ሥራ ይመራ የነበረው ጆርጅ ስቲር ይባላል። ይህ ሰው በጣልያን ወረራ ጊዜ የለንደኑ «ታይምስ» ጋዜጣ ወኪል ሆኖ በኢትዮጵያ የነበረ፣ በኋላም በኤውሮጳ አቈጣጠር በ1937 የስፓኟ ጌርኒካ በአውሮፕላን መደብደብዋን ለዓለም ያስታወቀ ጋዜጠኛ ነው። በካርቱም ሆኖ የንጉሠ ነገሥቱን ዐዋጅ የያዙ ወረቀቶችን በአማርኛ ያሳትም ነበር። «ባንዲራችን» የተባለውም ጋዜጣ በዚያው በካርቱም ይታተም ነበር፤ ከድል በኋላ በአዲስ አበባ «ሰንደቅ ዓላማችን» ሆኖ ቀጠለ። የስቲር ክፍል ወደ ጎጃም ሲገባ ከወረቀቱ ሌላ ድምፅ ማጉያ ይዞ ነበር። በምሽጉ ፊት በሌሊት ማጉያውን ተክሎ፣ በጠላት ወገን ለተሰለፉት ወታደሮችና ባንዳዎች ንጉሠ ነገሥታቸው መመለሳቸውን እያስታወቀ ይጠራቸው ነበር። ከዚህ የተነሣ እየከዱ የመጡ ነበሩ።

የካቲት 25 ቀን 1933 ዓ.ም. ናታሌ ቡሬን ለቅቆ በማንኩሳ በኩል ወደ ደብረ ማርቆስ አቅጣጫ አፈገፈገ። ከሁለት ቀን በኋላ ሁለተኛው የኢትዮጵያ ሻለቃ በመንገዱ ላይ ገጠመው፤ ከሁለቱም ወገን ብዙ ሰው ወደቀ። መጋቢት 28 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ገቡ፤ ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ደረሱ።

ከደብረ ማርቆስ የሚነገር አንድ ነገር ደግሞ አለ። ጣልያኖች ከተማውን ለቅቀው ሲወጡ ስልኩን አልቈረጡትም ነበር። ጣልያንኛ የሚያውቅ ኤድመንድ ስቲቨንስ የተባለ አሜሪካዊ ጋዜጠኛ ስልኩን አንሥቶ፣ ከእነርሱ ወገን እንደ ሆነ ሰው፣ ብዙ ሺህ ሠራዊት እየመጣባቸው መሆኑን በወዲያኛው ጫፍ ለነበረው ሰው ነገረው። እርሱም አመነው። ድምፁ ጥርት ያለ ነበር፤ ቋንቋው ትክክል ነበር፤ ቃሉ ግን ሐሰት ነበር። ለእኛ ወገን የጠቀመ ሐሰት ስለ ሆነ ደስ ብሎን እንተርከዋለን። ነገር ግን በስልኩ ጫፍ የነበረው ሰው እኛ ብንሆን ኖሮ ምን እናደርግ ነበር ብለን ልንጠይቅ ይገባናል።

እንግዲህ በአንድ መንገድ ላይ፣ በአንድ ወራት ውስጥ፣ ሦስት ዓይነት ድምፅ አየን። አንደኛው በጆሮ ማዳመጫ ብቻውን ለሚሰማ የራዲዮ ሠራተኛ የመጣው ደካማ ድምፅ ነው፤ ደካማ ቢሆንም እውነቱን ይዞ ነበር። ሁለተኛው በምሽግ ፊት የጮኸው ታላቅ ድምፅ ነው፤ እርሱም ይበልጥ የሠራው ንጉሠ ነገሥቱ በእርግጥ ስለ ተመለሱ ነው። ሦስተኛው የጠራውና የሚታመነው የስልክ ድምፅ ነው፤ እርሱም ሐሰት ነበረ። ከዚህ የምናገኘው ትምህርት አንድ ነው፤ የድምፅ ጥንካሬና ጥራት፣ የድምፅም ጣዕም፣ ለቃሉ እውነተኛነት ምስክር አይሆንም።

ከጦርነቱ በኋላ አምፑሊቱ በሰላም ሥራ ላይ ዋለች። ራዲዮ በየመሥሪያ ቤቱና በየባለጸጋው ቤት ገባ፤ ሰዎችም አምፑሉ ግሎ ድምፁ እስኪመጣ ድረስ ዝም ብለው ይጠብቁ ነበር። በኤውሮጳ አቈጣጠር በታኅሣሥ 1947 ባርዲን፣ ብራተንና ሾክሊ የተባሉ ሦስት ሊቃውንት በአሜሪካ በቤል ቤተ ምርምር ትራንዚስተርን አስገኙ፤ ለዚህም በ1956 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ትራንዚስተር ሽቦ ማጋል፣ ከባድ ባትሪም መጫን የማያስፈልገው ስለ ሆነ፣ ራዲዮ በእረኛና በገበሬ ትከሻ ላይ ተንጠልጥሎ እስከ ገጠር ወረደ። አምፑሊቱ ከዕለት ሥራ ተሰናበተች። ዛሬ በሩስያ፣ በስሎቫክያና በቻይና የሚሠራት አለ፤ የሚገዛትም በአብዛኛው የድምፅ ጣዕም የሚፈልግ ሰው ነው።

ራዲዮ ወደ ገጠሩ የወሰደውን መልካም ነገር ለመናገር አንድ ምሳሌ ይበቃል። የጎጃሙ ተወላጅና አርበኛ ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» በተባለው ልብ ወለድ ታሪክ ውስጥ ማንኩሳ ትገኛለች። ይህንኑ መጽሐፍ ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ራዲዮ አነበበው። መጽሐፍ ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ ስለ ማንኩሳ የተጻፈውን በጆሮው ሰማ። እዚህ ላይ ያማረው ድምፅና የከበረው ቃል ተገናኙ። የቅኔ ሰዎች ሰምና ወርቅ እንደሚሉት፣ ሰሙ አምሮ ወርቁም ሳይጐድል ሲገኝ ታላቅ ደስታ ነው። ጎጃም የቅኔ አገር ናትና ይህን ከማንም ይልቅ የምታውቀው እርስዋ ናት።

ይሁን እንጂ ማጉያው የነበረው በአንድ ወገን ብቻ ነው። ከመናገሻው ከተማ ወደ ገጠር የሚሄደው ድምፅ ይጐላ ነበር፤ ከገጠር ወደ ከተማ የሚመጣው ድምፅ ግን የሚያጐላው አልነበረውም። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ዐዋጅ በወጣ ጊዜ የጎጃም ገበሬ መሬቱ ሲለካና ሲገመት ርስቱን የሚነጥቁት መሰለው። ዐዋጁ በራዲዮና በጋዜጣ ተነግሮለታል፤ የገበሬው ስጋት ግን በሽማግሌ አፍና በማመልከቻ ወረቀት ብቻ የሚመጣ ነበር። በሚገባም አልተደመጠም። ከዚህ በኋላ በዳሞትና በሞጣ ወገን፣ በሌላውም የጎጃም ወረዳ፣ ዐመፅ ተነሣ፤ ጦርና አውሮፕላን ተላከ፤ ሰው አለቀ፤ ቤትና እህል ጠፋ። በመጨረሻ መንግሥት የጠቅላይ ግዛቱን ገዥ አንሥቶ የግብሩንም ነገር ለመተው ተገደደ። ይህ የሆነው በዚያው የዳሞት ምድር ነው፤ ከሃያ ሰባት ዓመት በፊት በማጉያ ተጠርቶ ለነጻነት የተሰለፈው ሕዝብ አገር ነው። ሲጠራ ሰምቶ የመጣ ሕዝብ፣ ሲጣራ የሚሰማው አጣ።

አሁን ልተዋቸው ወዳልቻልኋቸው አምፑል ለዋጮች እመለሳለሁ። ከእነርሱ መካከል አስተዋዮቹ አንድ ብልሃት አላቸው። ጆሮ በቀላሉ የሚታለል መሆኑን ስለሚያውቁ ሁለት ጥንቃቄ ያደርጋሉ። አንደኛ፣ ሁለቱን አምፑሎች ሲያወዳድሩ የድምፁን ከፍታ እኩል ያደርጋሉ፤ ጥቂት ከፍ ብሎ የተሰማ ድምፅ ያለ ምክንያት የተሻለ ይመስላልና። ሁለተኛ፣ የትኛዋ አምፑል እንደ ተሰካች ሳያዩ ወዳጃቸው እንዲለውጥላቸው ያደርጋሉ፤ ውድ መሆንዋን ወይም በስመ ጥር ፋብሪካ መሠራትዋን ያወቀ ሰው ጆሮው ሳይሆን ዐዋቂነቱ ይፈርዳልና። እንዲህ ሲያደርጉ ብዙ ጊዜ የተመካከሩበት ልዩነት ሁሉ ይጠፋል፤ አንዳንድ ጊዜም በእርግጥ ያለ ሆኖ ይገኛል። ጆሮ የሚገባው ፍርድ ይህ ነው።

የመንግሥት ሥራ የያዝን ሰዎችም ቀኑን ሙሉ የምንሠራው ይህንኑ የጆሮ ሥራ ነው። አንዱ ባለ ጉዳይ በአማረ ልብስ ገብቶ፣ በተጠረበ አማርኛ፣ ዘመድና ሹም እየጠቀሰ ይናገራል፤ ድምፁ በጥሩ አምፑል የመጣ ነው። ሌላው ከፍኖተ ሰላም ወይም ከቡሬ ገጠር ጋቢውን እንደ ለበሰ መጥቶ፣ በደጅ ጥናት ደክሞ፣ ፊት ለፊት ሲቀርብ የሚለው ይጠፋበታል፤ ነገሩን ከአያቱ ጀምሮ ያመጣል፤ ድምፁ ይሰባበራል። የእርሱ ድምፅ በክረምት ከጎጃም ወደ ካርቱም ይሄድ እንደ ነበረው ደካማ ምልክት ነው። የራዲዮ ሠራተኛው ያን ምልክት የተሰባበረ ነው ብሎ ማዳመጫውን ከጆሮው አላወጣም፤ ይልቁንም ጆሮውን አጥብቆ ያዘ፤ ያልገባውን ደግመህ ንገረኝ አለ እንጂ። ለሁለቱም ባለ ጉዳዮች የድምፃቸውን ከፍታ እኩል ማድረግ፣ ከየትኛው ቤት እንደ መጡ ሳያዩ ነገሩን ብቻ መመርመር፣ ይህ ለሹም የተገባ የጆሮ ፍርድ ነው።

ማታ በቤቱ ተቀምጦ በብርጭቆ አምፑል የሞቀ ዜማ የሚሰማውን ሰው አንነቅፈውም። ጣዕምን መውደድ ነውር አይደለም፤ የመሲንቆውን ጭራ የሚለውጥም እንዲሁ ጣዕም ፈላጊ ነው። ነገር ግን ጣዕሙ የማን እንደ ሆነ ይወቅ፤ የአምፑሊቱ ነው ወይስ የዘፋኙ? በማግሥቱም ወደ መሥሪያ ቤቱ ሲገባ ይህንኑ ጥያቄ ይዞ ይግባ። አምፑል ሊለወጥ ይችላል፤ በገበያም ይገኛል። ለደካማው ድምፅ የሚተጋ ጆሮ ግን ከየትም አይገዛም፤ እያንዳንዳችን በየወንበራችን ላይ ተቀምጠን የምናበጀው ነው።